ሊቀ ማግኔት ፊደንሲዮ

የሮክ ባንድ ባለበት አገር ሁሉ፣ በየባንዱ ውስጥ ሊጫወት የተቃረበ አንድ ጊታሪስት አለ። ልብ በሉ፣ የሚጫወት አላልኩም፤ ሊጫወት የተቃረበ ነው ያልኩት። ጊታሩን ታቅፏል፣ ገመዱ ተሰክቷል፣ ድራመሩ ዱላውን አንስቷል፤ ልክ በዚህ ሰዓት ሰውየው እጁን ከፍ ያደርግና "አንድ ጊዜ ቆዩኝማ" ይላል። የሚያስቆየው ታዲያ ዕድሜ ልክ ነው። ጊታር ነክታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ቀለም ሲመርጥ ግድግዳው የፈረሰበት ጎረቤታችሁ፣ ሙሽራ ሲያማርጥ እኩዮቹ አያት የሆኑበት የአጎታችሁ ልጅ፣ ሁሉም የእሱ ወንድሞች ናቸው።

የእኛው ክቡር ሊቀ ማግኔት ዶን ፊደንሲዮ ይባላሉ። በሥራ ቀን በሜክሲኮ ሲቲ ፎቆች ውስጥ ሊፍት ይጠግናሉ። የተረፈውን ሕይወታቸውን ግን ለፒክአፕ ሰጥተዋል። መኪናውን ማለቴ አይደለም። ይህቺኛዋ የክብሪት ሳጥን የምታህል፣ ከኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የምትቀመጥ ነገር ናት። ውስጧ ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ ዙር ተጠምጥሟል። ክሩ ሲርገበገብ እሷ ትይዘውና ወደ ድምፅ ማጉያው፣ አምፕሊፋየር (በአጭሩ አምፕ) ወደምንለው፣ ትልከዋለች። አንድ ጊታር ላይ ሁለት ይገባሉ። አሮጌዎቹን ነቅሎ አዲሶቹን መበየድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ዶን ፊደንሲዮን ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው።

እኔ የዚያው ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ከበሮው የታዴዎ ነው። ዘፋኛችን ኡባልዶ ነበር፤ በወጣትነቱ ሲያገሳ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የተኙ ድመቶች ሰፈር ይቀይሩ ነበር። አሥራ አንድ ዘፈን ነበረን። አንዱንም አልቀረጽንም። ስቱዲዮ በያዝን ቁጥር ክቡርነታቸው አንድ ጊዜ ክሩን መታ ያደርጉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከመቃብር የመጣ ዜና እንደሚያረዳ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"ቀርቧል… ግን አይደለም።"

ይኸው ነው። ተጠቅልሎ ወደ ቤት።

"ምኑ ነው ያልሆነው?" ይላል ታዴዎ።

"የሴራሚኩ ማግኔት ይነክሳል፣ ግን አያዝንም። የአልኒኮው ያዝናል፣ ግን አይነክስም።"

"ሁለቱንም አንድ ላይ የምታደርግ አማት አለችኝ፤ ላምጣልህ?"

ክቡርነታቸው አይስቁም። ስለ ማግኔት ሲወራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳሉ ነው የሚቆጥሩት።

አንድ ዘመን በባትሪ የሚሠራውን ፒክአፕ ሞከሩ። "ሄቪ ሜታል ማለት ይኼ ነው፣ ሌላው ሁሉ የሕፃን መጫወቻ ነው" ተባልን። ነሳዋልኮዮትል ሰፈር አራት መቶ ሰው ፊት ቆመን፣ የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ጊታሩ እንደታመመ ንብ አቃስቶ ዝም አለ። ለካ ክቡርነታቸው ሲለማመዱ ገመዱን ሰክተው ረስተውት ባትሪው አልቆ ኖሯል። ኡባልዶ ብቻውን ያለ ጊታር እስከ መጨረሻው ዘፈነ፤ ሰውም አጨበጨበለት። ከመድረክ ስንወርድ ሊቁ ሰማዩን አይተው "ጥፋቱ የእርጥበቱ ነው" አሉ። ሦስት ወር ዝናብ አልዘነበም ነበር።

እርጥበቱ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያልሠራው ጥፋት የለም። ክር ይበጥሳል፣ ቀጠሮ ያስረሳል፣ ሚስት ያስኮርፋል።

ሰሙንም ልንገራችሁ። ፒክአፕ አምፑ ሲጮህ እንዳያፏጭ በቀለጠ ሰም ውስጥ ይነከራል። ክቡርነታቸው የናታቸውን የታማል ድስት፣ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥ የሚቀቅሉበትን፣ አንስተው፣ እናታቸው ለቅዱስ ይሁዳ ታዴዎስ ያበሯቸውን ሻማዎች ሰብስበው አቀለጡበት።

"የቅዱሱን ሻማ ለሰይጣን ጩኸት?" አሉ እናቲቱ።

"እማዬ፣ ቅዱሱ ተስፋ የቆረጠ ሰው ጠባቂ አይደል እንዴ? እኔን ካልረዳ ማንን ሊረዳ ነው?"

ፒክአፑ ከመጠን በላይ ሞቆ እንደ ቅቤ ቀለጠ። የዚያን ዓመት የታማል ቀን የተጠራ ዘመድ ሁሉ ሰም ሰም የሚል ታማል በላ። ከትህትና የተነሳ ሁለተኛ ያነሳም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቾፖ ገበያ ነን። የገበያው ጀርባ ላይ ገንዘብ የማይሠራበት ቦታ አለ፤ ያለህን ዕቃ ደረትህ ላይ ይዘህ ትቆማለህ፣ የፈለገው የራሱን ይዞ ይመጣል፣ ትለዋወጣላችሁ። ሌላው ሰው አሮጌ ሸክላና ካናቴራ ይይዛል። ክቡርነታቸው ግን ስድስት ፒክአፕ በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሥጋ ያደረቀ አዳኝ ይመስላሉ። ከማዕዘኑ ላይ ዶኛ ኦዲሊያ አለች፤ የጊታር ስብርባሪ የምትለዋወጥ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ አምፕሊፋየርና የመበየጃ ካውያ የማይጠፋት ሴት።

"መጣህ ደግሞ? ዛሬ የትኛዋን ልትፈታ ነው?" ትላቸዋለች።

"ኦዲሊያ፣ ይህቺኛዋ ላይ ላይዋ ትንሽ…"

"ባለፈው ሳምንት ያገባሃት? ገና ጫጉላዋን ሳትጨርስ!"

በዚህ ሁሉ እስቅ ነበር። ስቄ ስቄ ፀጉሬ አለቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተውኩት። ለልጆቼ የማሰማቸው አንድ ዘፈን አልነበረኝም። "አባዬ፣ እውነት ባንድ አለህ?" ስትለኝ ልጄ ፖስተር ነው ያሳየኋት።

ባለፈው መጋቢት ኡባልዶ ድምፁ መጎርነን ጀመረ። ጉንፋን ነው አልን። ከዚያ አንድ ማክሰኞ አራታችንም ፖሶሌ የሚባለው ሾርባ ፊት ቀርበን ሳለ፣ ማንኪያውን አስቀምጦ እንደ ዋዛ ነገረን። ማንቁርቱ ውስጥ ዕጢ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይወጣል፤ ማንቁርቱም አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መዝፈን ቀርቶ "ጨው አቀብለኝ" ማለትም የለም።

ሾርባው ቀዘቀዘ።

"እሁድ ስቱዲዮ ያዙልኝ" አለ ኡባልዶ፤ ያኔም ድምፁ ግማሹ ትንፋሽ ነበር። "አራት ዘፈን ይበቃኛል። አንዴ ነው የምዘፍነው፤ መድገም አልችልም። ሁላችንም ባንድ ክፍል፣ ባንድ ጊዜ።" ከዚያ ወደ ፊደንሲዮ ዞረ። "አንተ ደግሞ፣ በናትህ።"

"በእናቴ" አሉ ክቡርነታቸው።

የእሁዱ ዋዜማ ቅዳሜ አራታችንም ቾፖ ነበርን። አዎ፣ ይህ ሰው ዋዜማውም ላይ ፒክአፕ ይለዋወጥ ነበር! አንገታቸው ላይ ያሉትን ስድስቱንም ለኦዲሊያ አስረክበው አንድ ጥንድ ተቀበሉ፤ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ በየዱ፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ ከፍተው ክሩን መቱት።

ሐቁን ልናገር። የገበያው ሰው ዞረ። ነከሰም፣ አዘነም። ደረቴ ውስጥ ያለው አጥንት ተንቀጠቀጠ። ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሁላችንም ራሳቸውን እስኪነቀንቁ ጠበቅን።

"ይኼ ነው" አሉ።

ታዴዎ አንስቶ አሽከረከራቸው። ኦዲሊያ አማተበች። ኡባልዶም ደስ ብሎት ወደ አምፑ ተጠጋና የመጀመሪያውን ዘፈናችንን ጀመረ። አፉ ሲከፈት አየን፤ የአንገቱ ሥር ሲገተር አየን፤ የሰማነው ግን ጊታሩን ብቻ ነው። ኦዲሊያ አምፑን ቀነሰችው። እንደገና ሞከረ። ጊታሩ ቢቀነስም ያው ወፍራም ነው፤ የኡባልዶ ድምፅ ከሥሩ እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ቀረ።

"ግዴለም" አለ ኡባልዶ በሹክሹክታ፣ እየሳቀ። "ነገ ማር በሎሚ ጠጥቼ እመጣለሁ።"

ፊደንሲዮ አልሳቁም። የኡባልዶን አፍ ነበር የሚያዩት። እኔ ያገኙትን ድምፅ እያጣጣሙ መስሎኝ በልቤ ረገምኳቸው። ከዚያ ካውያውንና ሽቦውን የያዘውን ከረጢታቸውን ተሸከምኩላቸውና ሄድን።

ከዚህ በኋላ ማዕረጉን አወርዳለሁ፤ ለማሾፍ የሰጠሁት ነበርና።

እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ፊደንሲዮ ዓይኑ አብጦ ስቱዲዮ ገባ። ሰካ፣ መታ። የወጣው ድምፅ በቁልፍ ቀዳዳ የሚሰማ ሬዲዮ ነበር። ቀጭን፣ ሆዱ ባዶ፣ በአፍንጫው የሚናገር። የትናንቱ አውሬ የት ገባ?

"ተሳስቻለሁ" አለ ፊደንሲዮ።

ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ቃል ከአፉ ሰምተን አናውቅም።

"ቤት ስደርስ ላጣራ ብዬ ፈታሁት። ስመልሰው የአንደኛውን ሽቦዎች አምታታሁ መሰለኝ።"

ጊታር የሚያውቅ ይህን ያውቃል። የአንዷ ፒክአፕ ሽቦዎች ተገልብጠው ከተበየዱ፣ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲከፈቱ አንዷ ስትገፋ ሌላዋ ትስባለች፤ ወፍራሙን ድምፅ እርስ በርስ ይበሉትና ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል። የጀማሪ ስህተት ነው።

ታዴዎ ዱላውን ወረወረ። "አረንጓዴና ጥቁር ሽቦ? ሊፍት የሚጠግን ሰው አረንጓዴና ጥቁር ያምታታል? ከዛሬ ጀምሮ በደረጃ ነው የምወጣው!"

"ይቅርታ።"

"እሺ አንዷን ብቻ ክፈት!"

"መምረጫው ማብሪያ ተጣብቋል።"

"በይደው እንግዲህ! ካውያህስ?"

"ቤት ረሳሁት።"

ለቀብር ሲሄድ እንኳ ካውያ የሚይዝ ሰው ነው ይህ። ታዴዎ በናቱ፣ በአባቱ፣ በሊፍቱ ሰደበው። እኔም ጨመርኩበት፤ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ፊደንሲዮ ጊታሩን ታቅፎ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመ።

"ልጆች" አለ ኡባልዶ። ሁላችንም ዝም አልን፤ ለመስማት ዝም ማለት ያስፈልግ ነበር። "ጊዜ የለኝም። ባለው እንሂድ።"

ሄድን። ያ የከሳ ጊታር ከጎን ከጎን እየሄደ መሐሉን ባዶ ተወው፤ በባዶው ቦታ ላይ ኡባልዶ ቆመ። የተቀደደው፣ የሚያፏጨው፣ ትንፋሽ የሚለምነው ድምፁ ከነእያንዳንዱ ጭረቱ ተሰማ። አራተኛው ዘፈን ላይ የመጨረሻዋ ቃል አልወጣችም፤ ትንፋሹ ብቻ ወጣ። እሱም ተቀርጿል።

ሐሙስ ኡባልዶ ማንቁርቱ ወጣ። ተረፈ። ድምፁ ቀረ።

ከአንድ ወር በኋላ ፊደንሲዮ ቤት ሄድኩ። ሻይ ሲያፈላ ጊታሩን ከግድግዳው አወረድኩና፣ እንዲሁ እጄ ቦዝኖ፣ ማብሪያውን ነካሁት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ወደ ላይ፣ ወደ መሐል፣ ወደ ታች።

"ማብሪያው ይሠራል" አልኩ።

"አየሩ ደርቋል" አለ ሳይዞር።

"ካውያው ያን ቅዳሜ ከረጢትህ ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ የተሸከምኩልህ። ከከረጢቱ ያወጣኸው አንተ ነህ።"

"ሌአንድሮ፣ ሻይህ ይበርዳል።"

ሃያ ሁለት ዓመት የፈለገውን ድምፅ ቅዳሜ ከሰዓት አግኝቶ፣ እሁድ ጠዋት ሳይደርስ በገዛ እጁ አንቆት ነበር። ዕድሜ ልኩን "አላውቅም" ብሎ የማያውቅ ሰው፣ አላዋቂ ልባል ብሎ ቆሞ ተሰደበ።

ይህ ሁሉ ሆኖም አልማርኩትም፤ እንዲህ ብዬ ነገርኩት። "ሃያ ዓመት ቀደም ብለህ 'ይበቃል' ብትል ኖሮ የአንበሳው ግሳት ዛሬ በእጃችን ነበር። ያለን የኡባልዶ ሳል ብቻ ነው።"

ስኳሩን ረጅም ጊዜ አማሰለ።

"አውቃለሁ" አለ።

ታዴዎ ዛሬም የሽቦዋን ታሪክ ቾፖ ገበያ ላይ በየቅዳሜው ይተርካል፤ እያንዳንዱ ቅዳሜ ላይ ትንሽ ይጨምርበታል። ኦዲሊያ አንድ አረንጓዴና አንድ ጥቁር ሽቦ ገምዳ አምባር ሠርታ ፊደንሲዮን ሸልማዋለች። እሱም አሥሮታል። ለማንም ምንም አላስተባበለም። እኔም ያን ቀን ለማንም እንዳልናገር የገባሁለትን ቃል ጠብቄ ዝም ብዬ ነበር፤ አሁን የጻፍኩት እሱ ከሽቦ ካርታ በቀር የታተመ ነገር እንደማያነብ ስለማውቅ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኡባልዶ ቤት ተሰብስበን አራቱን ዘፈኖች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማን። ያ የመጨረሻው ትንፋሽ ሲያልቅ ኡባልዶ አንገቱ ላይ የምትንጠለጠለዋን ትንሽ ሰሌዳ አነሳ፣ ጻፈባት፣ ወደ ፊደንሲዮ አዞራት።

"ቀርቧል… ግን አይደለም።"

ይስቅም ነበር፤ ትከሻው ብቻ እየተንቀጠቀጠ፣ ያለ አንዳች ድምፅ። ታዴዎ ጠረጴዛውን መታ። ክቡር ሊቀ ማግኔት ዶን ፊደንሲዮ፣ አሁን ማዕረጉን ያለ ቀልድ ነው የምጠራው፣ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ያላመነ ይኖር እንደሆነ አንድ በአንድ አዩን።

"ጥፋቱ" አሉ፣ "የእርጥበቱ ነው።"