ዘንዶው በርዶታል

በየሰፈሩ አንዲት ሴት አለች፤ ለእሷ የሰው ልጅ ሁሉ በርዶታል። ፀሐይ አናት ሲበሳ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ብታልፍ፣ ከበሯ ብቅ ትልና «ምነው ራሱን ብትሸፍኚው! ይበርደዋል እኮ!» ትላለች። ልጁ ካለቀሰ ርቦት ነው፤ ዝም ካለ አሞት ነው፤ ከሳቀ ደግሞ ዓይን እንዳይገባው እንትፍ እንትፍ ይባልበታል። እናቲቱ ዘጠኝ ወልዳ ዘጠኙንም ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ብትሆን ለውጥ የለውም። ይህችን ሴት የማያውቅ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው፤ እሱንም ቢሆን ነጠላ ይዛ እየጠበቀችው ነው።

እኔን የገጠሙኝ ክብርት እትዬ ዓሊማ ናቸው። ከወሎ መጥተው ዓኽርያ በሚባለው ሰፈር ሃያ ስድስት ዓመት ሻሂ አፍልተዋል። በእነዚህ ዓመታት የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ አሳድገዋል ማለት ይቻላል፤ ገሚሱን በእናቶቹ ፈቃድ፣ ገሚሱን ያለ ፈቃድ። ይህን ለምጄዋለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን በዓለም ላይ የሌለ ፍጥረት፣ ያውም እሳት የሚተፋ ዘንዶ፣ «በርዶታል» ብለው ሲሟገቱኝ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሠላሳ ዓመት ጦርነት በኋላ፣ በሪፈረንደሙ ሰሞን፣ ፍቅረየሱስ የሚባል የልጅነት ጓደኛዬ ነፃነቱን በዓይኔ ልይ ብሎ ከጀርመን መጣ፤ ክረምቱንም እዚሁ ሊከርም ወሰነ። ሻንጣው ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍና በሃያ ጎኗ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈባት አንዲት የመጫወቻ ጠጠር ነበሩ። ጨዋታ ነው አለን። ካርታ የለው፣ ኳስ የለው። ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን፤ እያንዳንዳችን በሐሳብ አንድ ሰው እንሆናለን፤ ፍቅረየሱስ ዳኛ ሆኖ «ከፊታችሁ ገደል አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ እኛም እናደርጋለን ያልነውን በአፋችን እንናገራለን። ይሳካ አይሳካ የምትወስነው ጠጠሯ ናት። ሃያ ከወጣ ተአምር ነው፤ አንድ ከወጣ መዓት።

ተጫዋቾቹ ሦስት ነን። እኔ ክፍሉ፣ ጥራቮሎ ሰፈር ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ፣ በጨዋታው ጦረኛ ነኝ። ዮዲት ነርስ ናት፤ የደረሳት ጠንቋይነት ነበር፤ «ኣይፋል! የነፍስ አባቴ ምን ይሉኛል?» ብላ እዚያም ሐኪም ሆነች። ልብስ ሰፊው ኢንድሪስ የደንበኛ ክር እንኳ ሰርቆ የማያውቅ ሰው፣ ሌባ ደርሶት ሦስት ሳምንት አፍሮ ከረመ። የምንጫወተው በአማርኛ ነው። ፍቅረየሱስና እኔ አዲስ አበባ አድገን ወደ ወላጆቻችን አገር የመጣን፣ ከተማው «አምቼ» እያለ የሚያሾፍብን ነን፤ ኢንድሪስ የወሎ ሰው ልጅ ነው፤ ዮዲትም ትምህርት ቤት ተምራዋለች። ቦታው የኢንድሪስ አክስት ሻይ ቤት፣ በአገሩ አባባል እንዳ ሻሂ፤ ጊዜው እሑድ ከሰዓት። አክስትዬዋ እትዬ ዓሊማ መሆናቸውን አንባቢ ሳይነገረው አውቋል።

መጀመሪያ ጠጠሯን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ቁማር ነው?» አሉ።

«አይደለም፣ እትዬ ዓሊማ። ገንዘብ የለበትም።»

«ጠጠር ካለ ቁማር ነው። ሐራም ነው። እኔ እጄን አላስነካም።» ይህን ብለው ዱካ ስበው አጠገባችን ተቀመጡ። «ወሬውን ግን እሰማለሁ።»

በሦስተኛው እሑድ ዋሻ ውስጥ እንቁላል አገኘን። እኔ ጠጠር ጣልኩ፤ እንቁላሉ ተሰነጠቀና የዘንዶ ጫጩት ወጣ። በመጽሐፉ ሕግ መሠረት መጀመሪያ ያየውን ሰው ይከተላል፤ ያየውም እኔን ነው።

«ዋእ!» አለች ዮዲት ከመቀመጫዋ ተነስታ። «ዘንዶ? ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ የሚረግጠውን? ክፍሉ፣ አሁኑኑ ግደለው!»

ፍቅረየሱስ ዘንዶው ያለበትን የምናሳይበት ነገር ፈለገ። የካፖርቴ የላይኛው ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠልጥሎ ነበር፤ ኢንድሪስ በጥርሱ ቆረጠና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጥቁር፣ አውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ።

«ስንት ቀኑ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

«አሁን መፈልፈሉ ነው» አለ ፍቅረየሱስ።

«ራቁቱን?»

ተያየን። ኢንድሪስ ቁልፉን ገልብጦ አየው።

«ያ ረቢ! እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ይበርደዋል!»

ክው አልኩ። ከዚያ እንደ አስተማሪ ረጋ ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። «እትዬ ዓሊማ፣ ዘንዶ እኮ ነው። እሳት ይተፋል።»

«የሚተፋው ወደ ውጭ አይደል? ውስጡን ማን ያሙቅለት?»

አሥራ አምስት ዓመት ሳስተምር እንዲህ የሚከራከር ተማሪ አልገጠመኝም። እሳቸው ጓዳ ገብተው ባዶ የክብሪት ሳጥን አመጡ፤ ጥጥ ጎዘጎዙበት፤ ቁልፉን አስተኙበት፤ ግማሹን ከደኑት። እሳት የሚተፋ ፍጥረት በክብሪት ሳጥን ተኛ። እግረ መንገዳቸውንም ወደ እኔ ዞረው «አንተም ካፖርትህን ልበስ። ደረትህ ተከፍቶ ይበርድሃል» አሉኝ። ቁልፍ የለውም አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ባለው እሑድ ሁሉ ይህንኑ ይሉኛል፤ እኔም ካፖርቴን ወንበር ላይ እያንጠለጠልኩ እቀመጣለሁ።

እኔ ለዘንዶዬ «ነበልባል» የሚል ስም አዘጋጅቼ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ስንመጣ ቴምር በሳህን ቀርቧል፣ ሦስት የጎረቤት ሴቶች ተቀምጠዋል። ለካ ሰባተኛ ቀኑ ነው፤ ስም ወጥቶለታል።

«አብሽር ብዬዋለሁ» አሉ። በወሎ አይዞህ ማለት ነው። «የክርስቲያንም የእስላምም ስም አይደለም። የሚያጽናና ቃል ነው። ማንም አይከፋውም።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ! ሕግ ሕግ ነው!» አልኩ።

«ሕግህን ያዝ፤ ልጁ እንደሆነ ተሰይሟል።» ጎረቤቶቹም ቴምራቸውን እየበሉ «ማሻአላህ» አሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል የሰማሁትን ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

አብሽር ሳለና ጭስ አወጣ፤ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» አሉ እትዬ ዓሊማ። ዮዲት ሆስፒታል ውስጥ እናቶችን ይህ እንዳይደረግ ስትመክር የምትውል ሰው፣ መጀመሪያ ግደለው ያለችውን ዘንዶ አቅፋ «ኣደይ ዓሊማ፣ በቁሜ አይቆረጥም!» ብላ ግማሽ ሰዓት ተከራከረች። የመንገድ ሽፍቶች ገጠሙንና ሰይፌን መዘዝኩ አልኩ፤ እትዬ ዓሊማ ትሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ልጅ ይዛችሁ ጦርነት? ሠላሳ ዓመት አልበቃችሁም?»

ሰይፌን ወደ አፎቱ መለስኩ። ፍቅረየሱስም ሽፍቶቹ መነጋገር እንደሚፈልጉ ነገረን። መጽሐፉ አሥራ ሁለት ገጽ ስለ ውጊያ ሲጽፍ ስለ ሽምግልና አንድ መስመር የለውም። ታረቅን።

ከሁሉ የባሰው የሥጋው ነገር ነው። አብሽር ሁለተኛ ወሩን ሲይዝ በግ ያዝን። እኔ አረድኩ አልኩ።

«ማን ነው ያረደው?» አሉ እትዬ ዓሊማ።

«እኔ።»

«አንተ ክርስቲያን ነህ።»

«እሺ፣ ኢንድሪስ ይረድ።»

«ያን ጊዜ ደግሞ ዮዲት ምን ትላለች? ልጁ ከሁላችሁም ነው። በአንዱ ወገን ሥጋ አፉን አያሟሽም። ሲያድግ ራሱ ይመርጣል።»

«ዘንዶ ነው እኮ! ሥጋ በል ነው!»

«አብሽር» አሉኝ፤ ለእኔ ይሁን ለእሱ አልገባኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘንዶዬ ወተት፣ ምስርና ሽሮ ይበላ ጀመር። ፍቅረየሱስ ሦስት መቶ ገጽ አገላብጦ ስለ ሽሮ የሚከለክልም የሚፈቅድም ነገር አጣ። እኔ ግን «ሕግ ሕግ ነው፤ ይህ ነገር መጨረሻው አያምርም» እላለሁ። የሚሰማኝ የለም።

ነሐሴ ላይ አንድ ዝናባማ እሑድ ፍቅረየሱስ መጽሐፉን ከፈተ። አንድ አንቀጽ አነበበልን። ሦስት ወር ሙሉ ሥጋ ያልቀመሰ ዘንዶ እሳቱ ወደ ውስጥ ይዞራል። አብሽር ተኝቷል፤ አይነሳም፤ ክንፉ ወድቋል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠጠር ይጣልለታል። አሥርና ከዚያ በላይ ከወጣ ይተርፋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ይሞታል።

ይህ ቀን ሲመጣ «አላልኳችሁም?» ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። ዞር ብዬ እትዬ ዓሊማን አየኋቸው። ትሪውን አስቀምጠው በክብሪት ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብለዋል።

«እኔ ነኝ?» አሉ ቀስ ብለው። «በምስር የገደልኩት እኔ ነኝ?»

እንባቸው ወረደ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ለካ ለቁልፍም አይገድም። ልስቅ ፈልጌ አቃተኝ፤ ጭራሽ ጥጡን ስቤ ቁልፉን ሸፈንኩት። በራሴ ደነገጥኩ። የራሴ ካፖርት ቁልፍ እኮ ነው!

«ባለቤቱ ይጥል» አለ ፍቅረየሱስ።

«ጣል ልጄ» አሉ እትዬ ዓሊማ። «እኔ ጠጠር አልነካም።» መስተዋት ወደተሰቀለበት ግድግዳ ዞረው ሁለት እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ኢንድሪስ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ዮዲት አማተበችና «ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ይህን አንዱን ብቻ ተወው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ጣልኩ። ጠጠሯ ተንከባለለች፤ የስኳር ዕቃውን መታች፤ ቆመች።

አንድ።

እኔ በቁጥር ዋሽቼ አላውቅም። በግማሽ ነጥብ ተማሪ ጥያለሁ፤ የራሴን የእህት ልጅ ጥያለሁ፤ እናቱ እስካሁን አታናግረኝም። ይህን ሁሉ እያሰብኩ መዳፌ ጠጠሯ ላይ ወድቆ አገኘሁት፤ አፌም ያለ እኔ ፈቃድ ይጮኻል። «ሃያ!»

ሦስቱም አይተዋል። ኢንድሪስ ሻሂው ውስጥ አቀረቀረ። ዮዲት ጣራውን ታያለች። ፍቅረየሱስ፣ አውቶቡስ ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ሰዓቱን የሚያይ ሰው፣ መዳፌን አየ፤ እኔን አየ፤ መጽሐፉን ዘጋ። «ሃያ ነው» አለ። «ዳኛው ወስኗል።»

እትዬ ዓሊማ እልልታቸውን ሲያቀልጡት አላፊ አግዳሚው ሠርግ መስሎት በበሩ አንገቱን አሰገገ። «በሉ አሁን ሥጋ ስጡት!» አሉ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ። «የማንም እጅ ይረደው! አላህ መሐሪ ነው!»

መስከረም ላይ ፍቅረየሱስ መጽሐፉንና ጠጠሯን ይዞ ወደ ጀርመን ተመለሰ። ጨዋታውም በዚያው አበቃ። በሚቀጥለው እሑድ ወንበር ላይ ረስቼው የሄድኩትን ካፖርቴን ልወስድ ብቻዬን ወደ እንዳ ሻሂው ሄድኩ። እትዬ ዓሊማ ካፖርቱን አጥፈው ሰጡኝ። የክብሪት ሳጥኑ መደርደሪያው ላይ ባዶውን ተከፍቶ አየሁትና ደነገጥኩ።

«አብሽርስ?» አልኩ።

«አድጓል» አሉ። «ከእንግዲህ ሥራ ይያዝ እንጂ።»

ካፖርቱን ስዘረጋው የላይኛው ቁልፍ በቦታው አለ፤ በጥቁር ጨርቅ ላይ፣ በቀይ ክር፣ አንበሳ ቢጎትተው እንዳይነቀል ሆኖ ተሰፍቷል። እትዬ ዓሊማ ራሳቸው አለበሱኝና ይቆልፉልኝ ጀመር።

«ክፍልዬ፣ አንተ ሒሳብ ታውቃለህ» አሉ። «ሃያ ሲጻፍ ስንት ምልክት አለው?»

«ሁለት።»

«በዚያ ቀን በመስተዋት ያየሁት ግን አንዱን ብቻ ነበር።»

ከእግሬ እስከ ራሴ ላብ አጠመቀኝ። «አውቀው ነው እንዴ ዝም ያሉት?»

«ምን ላድርግ? ልጁ ይሙት? ሕግ ሕግ ነው ስትል ከርመህ አንተም ዋሸህለት።» የላይኛውን ቁልፍ ቆለፉና ደረቴን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «አትፍታው። ይበርድሃል።»

ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነበር። እስከ ፌርማታው ድረስ አልፈታሁትም፤ አውቶቡስ ውስጥም አልፈታሁትም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ላቤን አይቶ «ኣንታ ሓወይ፣ አይሞቅህም እንዴ?» አለኝ።

«አብሽር» አልኩት።