ከውሃ ጋር የተመረቀልኝ ጉማሬ

ዘንድሮ ዕቃ ብቻውን አይሸጥም፤ ልብ ብላችኋል? ሳሙና ስትገዙ ማንኪያ ይመረቅላችኋል። የዱቄት ወተት ስትገዙ ኩባያ። ደግ ነው፤ ጓዳ ይገባል፣ ዝም ይላል። ለእኔ የተመረቀልኝ ግን ጉማሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ለልጇ ልደት የታሸገ ውሃ በካርቶን ገዛች። ኩባንያው፣ ስሙ ይቅር፣ ካርቶኑ ላይ «ውሃችንን ይግዙ፣ የሐይቃችንን ጉማሬ በጉዲፈቻ ያሳድጉ» ብሎ ጽፏል። እሷም በስልኳ የእኔን ስም አስመዘገበች። ስጦታ መሆኑ ነው። ብዙም ሳይቆይ ባለ ማኅተም የምስክር ወረቀት መጣልኝ። የጉማሬ ፎቶ አለው። ከሥሩ ሙሉ ስሜ፣ ከስሜ አጠገብ ደግሞ «አሳዳጊ» ይላል።

ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን ማኅተም ያረፈበትን ነገር በቀልድ አላይም። አሳዳጊ መሆንስ ቀላል ነው? ልጅ ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚሰደበው ማን ሆነና?

ያም ሆኖ፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ሐይቁ ዳር ዓሣ ወደሚሸጥበት አሞራ ገደል ወርጄ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ፎቶውን አሳየሁትና የትኛው እንደሆነ ጠየቅሁት። ፎቶውን አየ፤ እኔን አየ።

«አባባ፣ እኛ እሱን ስናይ እንሸሻለን እንጂ መልኩን አናጠናም» አለኝ።

ራቅ ብሎ ውሃው ላይ ሁለት ጆሮዎች ብቅ ብለው ነበር። የእኔው ይሆናል ብዬ ወሰንኩ። ጆሮው ሸጋ ነው።

ታዲያ ደስታዬ ሳይበርድ አቶ ባራሳ ደወሉ። አቶ ባራሳ የልጄ ባል አባት ናቸው፤ ቡሹሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ የበቆሎ ማሳ አላቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ «የወረቀቱን ነገር ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት» አሉኝ። «ልጅዎ ሰሞኑን የሚያድረው በቆሎዬ ውስጥ ነው።»

ቀልድ ይሁን የምር፣ በስልክ እንዴት ይለያል? ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። አማች ክፉ ቃል የማይለዋወጡት ሰው ነው። ነገ ሽማግሌ ቢልኩብኝ ምን ልል ነው? በልጄ ትዳር መሃል ጉማሬ ሲገባ ታየኝ።

ወረቀቱን ይዤ ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለው የኩባንያው ቢሮ ሄድኩ። አንዲት ትሁት ልጅ ተቀበለችኝ። ከጉዲፈቻው መሰናበት እንደምፈልግ ነገርኳት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አባባ፣ አይስጉ፤ እንዲያው ለማስታወቂያ ያህል ነው። ካርቶን የገዛ ሁሉ ይሄው ወረቀት ይደርሰዋል» አለችኝ።

«ሁሉም የአንድ ጉማሬ አሳዳጊ ነው?»

«ጉማሬ እንኳ የለም። ፎቶው ከኢንተርኔት የወረደ ነው፤ የኬንያ ሳይሆን አይቀርም።»

ሰው ሲገላገል ሊከፋው ይችላል? እኔን ከፋኝ። ያ ሸጋ ጆሮ እንዲሁ ቀረ። ለመሆኑ ለሐይቁ ጉማሬዎች ምን ታደርጋላችሁ ብላት፣ ግንዛቤ እንፈጥራለን አለችኝ። ግንዛቤው ለጉማሬው ቢፈጠር ደግ ነበር፤ በቆሎው የማን እንደሆነ አያውቅም።

ከዚያው በባጃጅ ቡሹሎ ገሰገስኩ። አቶ ባራሳ ከጎረቤታቸው ጋር ማሳው ዳር ቆመዋል። አጠገባቸው አካፋ አለ። ጎረቤትየው ጦሩን አጥሩ ላይ አስደግፏል። እኔ የምሥራቹን ተናገርኩ፤ ጉማሬው የእኔ አይደለም፣ ምንም የሚያገናኘን ነገር የለም፣ ቢሮ ድረስ ሄጄ አረጋግጫለሁ አልኩ።

የአቶ ባራሳ ፊት ጠቆረ።

«የእርስዎ አይደለም?»

«በፍጹም።»

«እኔ እኮ በእርስዎ የተነሳ ነው የቻልኩት። ይሄ ሰው ጦር ይዞ ሲወጣ፣ ተው የአማቼ ነው፣ ነውር ነው እያልኩ ስመልሰው ሰነበትኩ። በቆሎዬን ዝም ብዬ ያስበላሁት ለእርስዎ ብዬ ነው። ባዳ ከሆነማ እንግዲህ…»

ወደ ጎረቤታቸው ዞር አሉ። ጎረቤትየው ሁለተኛ እንዲነገረው አልጠበቀም፤ እጁ ጦሩ ላይ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ መሸሽ የማውቅ፣ ጠብ የማልወድ ሰው ነኝ። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ቆይ» አልኩ። «የቢሮዋ ልጅ አዲስ ናት፤ ተሳስታ ይሆናል። ጉማሬው የእኔ ነው።»

ጎረቤትየው አቶ ባራሳን አየ። አቶ ባራሳ እኔን አዩኝ። ከዚያ አካፋውን አንስተው ሰጡኝ።

«ጥሩ። እንግዲያው በቆሎው ጋ እንዳይደርስ በማሳው ዙሪያ ቦይ እንቆፍራለን። አባት ቆሞ አያይም።»

ኮቴን አወለቅሁ።