ጤና አዳሙን ማን ነካው?

ካርቱም ውስጥ የማይደርቅ ነገር ካያችሁ ንገሩኝ። ልብስ አጥባችሁ የመጨረሻውን ስትሰቅሉ የመጀመሪያው ደርቋል። ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ስልክ ልታነሡ ከሄዳችሁ፣ ስትመለሱ የምታገኙት ድንጋይ ነው። ጉሮሮ ይደርቃል፣ ቧንቧ ይደርቃል፣ ቀልድ ሳይቀር ይደርቃል። ይህን ሁሉ የምታደርገው ፀሐይ መሆኗን ሕፃንም ያውቃል። ጤና አዳም ሲደርቅ ግን ጥፋተኛዋ ሴት ልጅ ናት።

በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ጤና አዳም ከነካች ተክሉ ይደርቃል ይባላል፤ ሰምታችሁት ይሆናል። እኛ ስንሰደድ ይህም አብሮን ተሰደደ። ድንበር ላይ ወረቀት ያልተጠየቀ እሱ ብቻ ነው።

አል-ሳሃፋ ሰፈር የምንኖርበት ሆሽ፣ ማለቴ ግቢ፣ ትልቅ ሰው እትዬ አስካለ ናቸው። ጤና አዳማቸውን በወተት ጣሳ ተክለው፣ «ፀሐይ ይጥገብ» ብለው አጥር ላይ አስቀመጡት። ጠገበ። በሳምንቱ ሲጠወልግ የግቢውን ሦስት ልጃገረዶች አሰለፉን።

«ማናችሁ ናችሁ የነካችሁብኝ?»

ዘበኛው ሳይቀር ይሰማል። እኔ ደግሞ ስሜ ሲጠራ እንኳ የምቀላ ሰው ነኝ። ቀላሁ። መቅላቴ ማስረጃ ሆነ። በዚያ ሳምንት ጊዜዬም አልነበረም፤ ግን ይህንን ለዘበኛ እንዴት ያስረዱታል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፤ ፀሐይንማ ማን ደፍሮ ያሰልፋታል።

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊትም አልናገርም። እጽፋለሁ እንጂ። ስለ ገላቸው፣ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ሴት መብት የሚጽፉ ሴቶችን ሳነብ ቆይቼ፣ ስልኬ ላይ የራሴን ብሎግ ከፈትኩ። የብዕር ስሜ «አፈኛዋ» ነው። በዚህ ስም እኔን የሚጠረጥር የለም። ስልኩን እናቴ አል-ማንሺያ ሰፈር ሰው ቤት ሠርታ የገዛችልኝ ነው፤ «ወሬ ያመጣብሽ ቀን እወስደዋለሁ» ብላኛለች፤ እናቴ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ብዬ ምርመራ ጀመርኩ። «ሆዴን ቆረጠኝ» ብዬ እናቴን ወንዝ ማዶ ካለው ከባሕሪ ሁለት የጤና አዳም ችግኝ አስመጣኋት። ሁለቱንም በሁለት ጣሳ ጥላ ውስጥ አኖርኳቸው። ጊዜዬ ሲመጣ አንዱን ጠዋትና ማታ እንደ ድመት ዳበስኩት። ሌላውን በጣቴም አልነካሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ለምለም ነበሩ፤ የነካሁት እንዲያውም አንድ ቅርንጫፍ ጨመረ። «ሁለት ጣሳ ለሳይንስ ትንሽ ነው፤ እኛን ለማሰለፍ ግን አንድ ጣሳ በቅቶ ነበር» ብዬ ብሎጌ ላይ ጻፍኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ አስካለ እኛ ቤት ገቡና ስልካቸውን ሰጡኝ።

«አንዲት አፈኛ የጻፈችው ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ይቀባበለዋል። መነጽሬን ረስቻለሁ፤ እስቲ አንቺ አንብቢልን። ድምፅሽ ባይሰማም ማንበብስ ትችያለሽ።»

የራሴን ጽሑፍ እንደ ሰው ጽሑፍ አነበብኩ።

«ይቺ ልጅ እናት የላትም?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ቢኖራትማ» አለች እናቴ ራሷን እየነቀነቀች።

«ቆይ ግን» አሉ እትዬ። «ለነካችው ውሃ አብዝታለት ከሆነስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነቴን ነው፣ ካነበቡት ሁሉ ይህን የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ደስታዬ አፌን ከፈተው።

«ኧረ እትዬ፣ ለሁለቱም አንድ አንድ ኩባያ ነው ያጠጣሁት።»

«ያጠጣችው» ማለት ሲገባኝ።

እናቴ እጇን ዘረጋች። ስልኬን ሰጠኋት። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እትዬ ያንን የጠወለገ ጤና አዳማቸውን ከነጣሳው ታቅፈው ቆመዋል።

«ያላ፣ በይ ንኪልኝ።»

«እትዬ፣ እኔ የጻፍኩት መንካት ምንም አያደርግም ብዬ ነው።»

«ሰምቻለሁ። የነካሁት ቅርንጫፍ ጨመረ ብለሽም የለ? እሱንም ሰምቻለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን ጊዜሽ ላይ ነሽ፣ ወይስ እንጠብቅ?»

ሥሩ ገና እርጥብ ነበር። ጥላ ውስጥ አስገባሁት፣ አጠጣሁት። በሁለት ሳምንት ለመለመ። የተመሰገነው ግን ጥላው አይደለም፣ ውሃውም አይደለም፤ እጄ ነው።

እናቴ ስልኬን መለሰችልኝ፤ «ሰዎች ሲፈልጉሽ በምን ይደውሉልሽ?» ብላ። ዛሬ በራችን ላይ ስድስት ጣሳ ተሰልፏል፤ አንዱ ከባሕሪ በአውቶቡስ የመጣ ነው። ስሟ ሲጠራ የምትቀላው ያቺ ዓይነ አፋር ልጅ፣ ጊዜዋ የሚገባበትን ቀን ሰፈሩ ከጾም መግቢያ እኩል ያውቅላታል። አንድ እምነት ልነቅል ተነሥቼ ሌላ ተከልኩ።

ምን ላድርግ? ንኪልን ሲሉኝ እነካለሁ። ዘወር ሲሉ ውሃ አጠጣለሁ።