ግንባሬ ላይ የወረደው ጎርፍ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ? ሦስት ቀን አስቤበታለሁ፤ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብዕር አንሥታ ስለ ብጉር... ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቆቦ ውስጥ ብጉር ካወጣችሁ፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው አታገኙም።

እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለእረፍት ወደ ቆቦ የመጣሁት የእኅቴ ሚዜ ልሆን ነበር። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግንባሬ በብጉር ተሞላ። ሚዜ ደግሞ ከሙሽራዋ ጎን ቆማ ፎቶ ትነሣለች፤ ያ ፎቶ ሳሎን ውስጥ ዕድሜ ልክ ይሰቀላል!

የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር በመስታወቱ አይቶኝ ምች ነው አለ። ጎረቤታችን ውሃው ነው ያልተስማማት ብላ ሎሚ አዘዘችልኝ። ከዋጃ የመጣችው እንግዳችን ሬት እንድቀባ መክራ፣ ቅጠሉንም ይዛልኝ መጣች። እኔ ሰው ማስቀየም አልወድም፤ ለሁሉም እሺ አልኩ። ጠዋት ዳማከሴ፣ ቀትር ላይ ሬት፣ ማታ ሎሚ። ብጉሩም እንደኔው ሰው የማያስቀይም ነበርና ለእያንዳንዱ መድኃኒት አዲስ እየወጣ ተቀበለው።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለሙያው ግንባሬን በሶፍት ጠረግ አደረገና ሶፍቱን ወደ መስኮቱ አነሣው። ሶፍቱ በቅባት ከመራሱ የተነሣ ግቢው ሁሉ በውስጡ ይታይ ነበር።

"ፀጉርሽን ምን ትቀቢያለሽ?"

"ቅቤ። አክስቴ ናት የምትቀባኝ... ለሠርጉ።"

"በስንት ቀኑ?"

"በየቀኑ።"

በቆቦ ፀሐይ አናት ላይ ያለ ቅቤ የት እንደሚሄድ እናንተው አስቡት። ቀልጦ ግንባር ላይ ይወርዳል፣ የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ብጉር ይሆናል። ፊቴን በቀን ሁለቴ በለስላሳ ሳሙና እንድታጠብ፣ ማታ ማታ የሰጠኝን መድኃኒት እንድቀባ፣ በጥፍሬ እንዳላፈርጠው፣ ቅቤውንም እንድተው ነገረኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ሲናገር ዐይኔን አላየኝም፤ የራያ ልጅ ነዋ፣ ቅቤ ተዪ ማለት ያሳፍረዋል።

ለአክስቴ ለስንዱ ማን ይንገራት? ቅቤውን ጎብዬ ገበያ ድረስ ሄዳ፣ አሽትታ የመረጠችው እሷ ናት። ሚዜ ያለ ቅቤ ከወጣች ደግሞ አክስት የላትም ወይ ይባላል። ድምፄን አለስልሼ ነገርኳት።

"ፊትሽን መቼ ቀባሁሽ? እኔ የቀባሁት አናትሽን ነው።"

"ወርዶ እኮ ነው፣ እትዬ።"

ግንባሬን አየችው። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈች ማሳዋን ያጠጣች ገበሬ ናት።

"ከወረደማ ይጠለፋል" አለች።

ከአሮጌ ነጠላ ላይ ቀደደችና ከፀጉሬ ሥር ጥብቅ አድርጋ አሰረችው፤ በሁለቱ ጆሮዎቼ ኋላ ቦይ አወጣችለት። ቅቤው ታዘዘ። መድኃኒቱም ታክሎበት፣ ሠርጉ ሲደርስ ግንባሬ ጠራ።

ጎርፉ ግን የሆነ ማሳ ማጠጣት ነበረበት። አንድ ጠዋት ማጅራቴን ዳበስኩት... ብጉሩ እዚያ ተሰልፏል። ይሁን፣ ፎቶ የሚነሣው ከፊት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

በሠርጉ ቀን ፎቶ አንሺው ሚዜዎቹን ከሙሽራዋ ጎን ደረደረን። ቅቤ የጠጣውን ሹሩባችንን አየና ፊቱ በራ።

"እስቲ ዙሩልኝ፤ ይሄማ ከኋላ ነው መታየት ያለበት።"

ዞርኩ። እሺ ማለት ልማዴ ነው።

ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። አክስቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶው ውስጥ ባለው ማጅራቴ ላይ ጣቷን አሳርፋ ጠለፋዋ እስከ የት እንደሠራ ታስረዳለች። የመጨረሻዋ ብጉር የጠፋችው ካምፓስ ከተመለስኩ በኋላ፣ ቅቤ በሌለበት ዶርም ውስጥ ነው፤ መጋቢት 4 ቀን።