የቡታጅራ ድስቶች ቃዲ

ሰፈር ሁሉ የሰው ድስት የምትመረምር ሴት አያጣም። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ጓዳ ይገባል፤ የልጆችሽን ጤና ሳትጠይቅ የድስትሽን ቂጥ ታያለች። ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክብርት እትዬ ሀያቱ ነበሩ፤ በጣልያን ዘመን የቡታጅራ ድስቶች ሁሉ ቃዲ።

"አልታጠበም!" ይላሉ፣ ታጥቦ ሲያብረቀርቅ። "አልተሟሸም!" ይላሉ፣ ገና ሳያዩት። ሠርግ ቤት ሙሽራዋን ትተው ድስቱን ሲመርቁ አይቻለሁ። አንዴ ደግሞ ለቅሶ ቤት፣ አስከሬኑ ሳይወጣ፣ "ይሄ ድስት ዝጓል፤ ሰውየውንም የገደለው ይሄ ይሆናል" አሉ።

ወይዘሮ ዓለምዘውድ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። ቅቤ ሰጥታ ከአንድ የጣልያን ወታደር የለወጠችው ከባድ የብረት ድስት ነበራት። ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላለች ተብሎ ቤቷ ተቃጠለ። በወልቂጤ መንገድ ሲወስዷት ያየ አለ፤ ስትመለስ ያየ የለም። አመዱ ውስጥ የቀረው ድስቱ ብቻ ነበር።

እኔ ወሰድኩት። ወታደሮቹ ቤቴን ሲፈትሹ ሸክላዎቼን ሁሉ ሰባብረውብኝ ነበርና ለልጆቼ የማበስልበት አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት የድስቱ ውስጥ ቀልቶ አገኘሁት። ዝገት ነው ብዬ አጠብኩት። ነግቶ ሳየው አሁንም ቀይ ነው። ባዶውን እሳት ላይ ስጥደው ደግሞ ያቃስታል፤ ቀጭን፣ የሴት የሚመስል ድምፅ። ልጆቼ ከእሱ የወጣ አንበላም አሉኝ።

እትዬ ሀያቱ ይህን ሲሰሙ ሳይጠሩ መጡ። "ቢስሚላሂ" ብለው በአመድና በአሸዋ፣ በእንሰት ቃጫ ፈገፈጉት። አጥበው ጠብታ ውሃ እስከማይቀር እሳት ላይ አደረቁት። ከዚያ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየቀቡ አሹት፤ እስኪጨስ ጠበቁ፤ እንደገና አሹት።

"ሞራ ይሻል ነበር። ግን አንቺ ጾም ላይ ነሽ፣ እኔም ያንቺን እርድ አልነካም። ጎመን ዘር እስላምም ክርስቲያንም አይደለም" አሉ። "ብረት ቅባት ካልጠጣ ያለቅሳል። ሌላ ነገር የለውም፣ አዛለች" አሉኝ፣ በስሜ ጠርተው።

ድስቱ ጠቁሮ አበራ። ጠዋት ግን ቀይ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሱ። ክብራቸው ስለተነካ ድስቱን እንደ ባላንጣ ይሰድቡት ጀመር። በመጨረሻ፣ "የማን ነው ይሄ?" አሉኝ።

"የዓለምዘውድ።"

እጃቸው ቆመ። ጭጋጉ ደጃፉ ላይ ተኝቷል፤ ምድጃው ጠፍቷል። እሳት ያልነካው ድስት በቀስታ አቃሰተ። ሁለታችንም ሰማነው።

"እኔ ቤት ይሂድ። አንቺ ልጆች አሉሽ" አሉ።

"አይፈሩም፣ እትዬ?"

"እፈራለሁ እንጂ፣ ወላሂ!" ብለው ድስቱን እንደ ሕፃን በነጠላቸው ጠቅልለው አቀፉት።

ሰንብቼ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ከውስጥ ወሬ ሰማሁ። እንግዳ መጥቶ መስሎኝ በበሩ ብቅ ስል፣ እትዬ ሀያቱ ብቻቸውን ናቸው። ድስቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጎመን ዘር ያሹታል።

"በርበሬው ዘንድሮ ደህና ነው" ይሉታል። "የጎረቤታችን የከድሮ ላም ወለደች። አንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅቤ ማንጠር አታውቂበትም ነበር። ሁልጊዜ ታሳርሪዋለሽ።"

ድስቱ በቀጭኑ አቃሰተ።

"ተይ፣ አትከራከሪኝ!"

ልመለስ ስል አዩኝ።

"ቀብር ያላገኘ ሰው ብቻውን አይተውም" አሉ፣ እጃቸው ማሸቱን ሳያቆም። "ግቢ። አንቺም አንድ ነገር አጫውቻት።"

ገብቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። "እንደምን ከረምሽ፣ ዓለምዘውድ" አልኩ።

"ጮክ በይ እንጂ! እንዲህ አጉረምርመሽ ማን ይሰማሻል?" ብለው ተቆጡኝ።

በዚያ ዘመን ማን መቼ እንደሚወሰድ የሚያውቅ አልነበረም። እኔም አንድ ቀን በዚያ መንገድ ብሄድ፣ ዕቃዬን ታቅፎ የሚነተርከኝ ሰው እንዳለኝ ያን ዕለት አወቅሁ። ወደ እትዬ ሀያቱ ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማውራት ጀመርኩ።