በሙዝ ምክንያት ፋሺስት ያልኩት ሰው

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ መጀመሪያ ትስቃላችሁ፣ ቀጥሎ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ።

ግድ የለም! መጻፍ አለብኝ። ተፈርዶብኛል።

ነገሩ የጀመረው በሙዝ ነው።

ሲቀላ ሰፈር ሞባይል እንደምጠግን ታውቃላችሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት ጁስ ቤት አለ። ጁስ ቤቱ ውስጥ መሲ አለች። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚፈልግ ሰው ወዶ አያውቅም ማለት ነው።

ፌስቡክ የጫንኩላት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ፕሮፋይል ፎቶዋን ያነሳኋትም እኔ! ታዲያ ፎቶው ስር ቀድሞ «ዋው» ያለው ማን ሆነ?

ታምራት።

ታምራት የላንቴ ቀበሌ ልጅ ነው። ሙዝ ያመርታል፣ በሞተር ጭኖ ጁስ ቤቱ ድረስ ያመጣል። ሙዝ ማውረድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እሱ ግን ስፕሪሱን ይዞ ቁጭ ይላል። እሷ ትስቃለች። እኔ ማዶ ሆኜ የሰው ስክሪን እሰብራለሁ።

በቅናት አረርኩ!

ባለፈው ሳምንት በከተማችን ግሩፕ ላይ «የላንቴን ሙዝ የሚያክል የለም» ብሎ ለጠፈ። መሲ ስሩ «እውነት ነው!» አለች፣ ከነልብ ምልክቱ።

እኔ ደግሞ የምዕራብ ዓባያ ልጅ ነኝ። በሙዛችን የመጣብኝን… ኧረ ውሸቴን ነው። ሙዝ አልወድም። ያቃጠለኝ ልቧ ነው።

«አንተ ፋሺስት!» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ! ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እኔ «ጠባብ» ሆኛለሁ፣ እሱ «ትምክህተኛ» ተብሏል። ሁለቱም ሙዝ ይጣፍጣል ያለ ምስኪን «ባንዳ» ተባለ። አንዷ ማንጎ ይሻላል ብትል «ፀረ-ልማት»! ሌላው «በሙዛችን ላይ የሚፈጸመው ጄኖሳይድ ይቁም» ብሎ ጻፈ።

ላይክ አደረግኩት። አዎ፣ እኔ!

ታምራት አንድም መልስ አልጻፈም። ፈራ ብዬ ፈነደቅኩ።

ለካ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዷል።

አገሩን ለማታውቁ፣ ዱቡሻ ማለት ሽማግሌ የሚሰየምበት አደባባይ ነው። እዚያ የቆመ ሰው እውነቱን ያወጣል። ከደበቀ ጎሜ የሚሉት ኃጢአት ነው፤ መዘዙ ለከብቱም ለማሳውም ይተርፋል። ሎግ አውት የሚባል ነገር የለም።

ዛሬ ጠዋት ተጠርቼ ላንቴ ዱቡሻ ደረስኩ። መሃል የተቀመጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ ሻንካ! ወደ መሲ አባት ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ በቀደም እግራቸው ላይ ወድቄ የለመንኳቸው ሰው። መሲ ራሷ ነገሩን ገና አልሰማችም። ሁሉም በወግ በወጉ ይሁን ብዬ ነበር።

እሷም መጣች። ኮመንት አድርጋለችና ለምስክርነት ተጠርታ።

በታምራት ሞተር!

ጋሽ ሻንካ የእርቅ እርጥብ ሳራቸውን እንደያዙ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ይሄን ልጅ ፋሺስት ብለሃል?»

«ብያለሁ አባቴ።»

«ማንን ገደለ?»

«ማንንም።»

«የማንን ቤት አቃጠለ?»

«የማንንም።»

«ታዲያ ምን አደረገ?»

«የላንቴ ሙዝ… ይጣፍጣል አለ።»

አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ይጣፍጣል እኮ» አሉ።

ሳቄ መጣ። ጋሽ ሻንካ ግን አልሳቁም።

«የእኔን አባት የገደለው ፋሺስት ነው። ቤታችን ሲቃጠል እናቴ እኔን አዝላ ሸሸች። አንተ ይሄን ስም ለሙዝ ካዋልከው፣ እኔ አባቴን ማን ገደለው ልበል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የምሬን ነው።

«በል፣ እውነቱን አውጣው» አሉኝ።

ሰው ሁሉ አየኝ። ታምራት አየኝ። መሲ አየችኝ።

«ቀንቼ ነው» አልኩ። «በመሲ ምክንያት። ለእሱ ስትስቅ አይቼ።»

«ለዚህማ የራሱ ቃል አለው» አሉ ጋሽ ሻንካ። «የሌላ ነገር ቃል ለምን ተዋስክ?»

ታምራት በሳቅ ወደቀ። መሲ ግን አልሳቀችም።

«መጀመሪያ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ይሄን ዓረፍተ ነገር ከጠዋት ጀምሮ እያገላበጥኩት ነው። ተስፋ ነው? ቁጣ ነው? የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ!

ሳሩን ይዘን ከታምራት ጋር ታረቅን። ፍርዱም «በሰደብክበት ቦታ፣ የሰደብክበትን ምክንያት ጻፍ» ሆነ። ይኸው ጻፍኩ። የመሲን አባት ጉዳይ በጆሯቸው ሹክ ስላቸው ጋሽ ሻንካ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ቆይ፣ መጀመሪያ ጽፈህ ልይ።» ፌስቡክ የላቸውም እኮ! መሲ እንድታነብላቸው ነው የተባለው።

ቤቴ ገብቼ ስልኬን ስከፍት ታምራት የእርቁን ፎቶ ለጥፎታል። እሱና እኔ፣ ሳር ይዘን፣ ፈገግ ብለን።

መሲ ስሩ ልብ አስቀምጣለች።

ጣቴ በራሱ ጊዜ «አንተ ፋ» ድረስ ጻፈ! አጠፋሁት። ቀናሁ፣ በቃ። ስሙ ቅናት ነው፣ ተምሬያለሁ።

ግን ፎቶው ላይ እኔም አለሁ እኮ! እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ልቡ የማናችን ነው?