ከእድር የተዋስነው አግዳሚ

እኛ ደብረ ታቦሮች ጦማችንን ብናድር እንኳ ጥርሳችንን እየፋቅን ነው ከቤት የምንወጣው። ነጠላችን ቢያልቅ የተቀደደውን ወደ ውስጥ አጥፈን እንለብሳለን፤ ቤታችን ባዶ ቢሆን እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት ተውሰን እናቀርባለን። ገመና መሸፈን ደግ ነው፤ አልጠላሁም። ግን እስቲ ፍረዱኝ፣ ተቸገርሁ ብሎ ሊጮህ የሚሄድ ሰው የክቱን ለብሶ ይሄዳል? እኛ ለበስን!

የወንድሜ ልጅ ብርቄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ተማሪዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ላይ ይጽፋሉ። የብርቄን ደብተር ብታዩት መስመሩ እንደ አገራችን መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርሁት እስከ «ቀ» ነው፤ የቀረውን ሠርጌ ቀማኝ። ብርቄ ግን ሁሉንም ጨርሳ የመድኃኒቴን ብልቃጥ ሳይቀር ታነብልኛለች። ታዲያ አንድ ቀን ደብተሯን ወዲያ ጥላ፣ «አክስቴ፣ ድንጋዩ ሆዴ ድረስ ይበርደኛል። ከእንግዲህ አልሄድም» አትለኝም!

ከዚያች ቀን ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። እንደ ሽምብራ ቆሎ ቤት ለቤት ተንጣጣሁ፤ እናቶችን ሰበሰብሁ፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ደጅ ጠናን። በጀት የሚሉት ነገር ሰማይ ይሁን ምድር አላውቅም፤ የማውቀው ለሌላው ትምህርት ቤት ዴስክ ሲታደል ለእኛ ኖራ እንደተላከልን ነው። ኖራው ለምን ይሆን? ድንጋዩን ነጭ እንድንቀባው? ይህንኑ ኃላፊውን ፊት ለፊት ብጠይቃቸው ሳቃቸው መጣ። «እሺ እናቴ፣ ሐሙስ መጥቼ በዓይኔ ልይና በጀቱን ለባሰበት እንመድባለን» አሉ። እልልታዬን አቀለጥሁት፤ ዘበኛው ሠርግ መስሎት ብቅ አለ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እናቶቹ «እንግዳ ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ? ምን ይሉናል!» አሉ። አባቶቹም «እውነት ነው» አሉ። እኔስ? ወደ እድራችን ዳኛ ወደ ጋሽ አያሌው ሮጥሁ። ጋሽ አያሌው ለለቅሶ ካልሆነ መርፌ የማያውሱ ሰው ናቸው፤ እኔም ከያዝሁ አለቅም። የእድሩን አግዳሚ ሁሉ ከነጠረጴዛው ተሸክመን፣ ክፍሉን ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ድንጋዩን ከአጥር ጀርባ ደብቀን፣ አልሄድም ያለችውን ብርቄን ጨምረን ልጆቹን ደርድረን ጠበቅን። ሲያምር!

ኃላፊው ገቡ። ዞር ዞር ብለው አዩና ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። «ይህማ ከከተማው ይበልጣል! ጎበዝ ወላጆች!» አሉ። ኩራታችን ጣራ ነካ። ቀጥለው «እንግዲያው በጀቱ ለባሰባቸው ይሂድ» ሲሉ የጀመርሁትን እልልታ አቋረጥሁ። «ጌታው፣ የእድር ነው እኮ!» ብል፣ «እናቴ፣ ሞልቶላችሁም ታለቅሳላችሁ?» ብለው ሳቁብኝ። ልብ በሉልኝ፤ ውሸታችንን ያመኑ ሰው እውነታችንን አላመኑም።

ወዲያው ጥሩምባ ተነፋ። ብዙ ዘመን የኖሩ አንዲት የሰፈራችን ባልቴት አርፈዋል፤ ነፍስ ይማርና በሕይወታቸውም ሰዓት አክባሪ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ አያሌው ጎረምሶች አስከትለው ከተፍ አሉ። «ልጆች፣ ተነሡ፤ አግዳሚው ለለቅሶ ይፈለጋል» አሉ። እድር ደግሞ ኃላፊ አያውቅም፤ «ጌታዬ፣ እርስዎም የተቀመጡበት የእኛ ነው» ብለው ከሥራቸው ሳቡት።

ልጆቹ ምን ቸግሯቸው! ወደ አጥሩ ጀርባ ሮጠው የየራሳቸውን ድንጋይ እየታቀፉ ተመለሱ፤ ደብተራቸውንም ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ብርቄ ኃላፊው ቆመው ብታይ የራሷን ድንጋይ አስጠጋችላቸውና «የእኔ አይቆረቁርም፣ ይቀመጡ» አለቻቸው። እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ተቀመጡ። ብርዱ ሽቅብ ሲወጣባቸው ከፊታቸው ላይ አየሁት። መምህሩ ትምህርቱን ቀጠለ፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ «ጌታው፣ እስኪደወል ይቀመጡ እንጂ!» አልሁ። እስኪደወል ተቀመጡ። ሲነሡ ወገባቸውን ይዘው «እናቴ፣ አሁን አየሁ» አሉኝ።

ዴስኩ መጣ። የብርቄም መስመር እንደ ጎበዝ አራሽ ትልም ቀጥ አለ። እኔ ግን አሁንም አልተቀመጥሁም፤ ጣራው ያፈሳላ! ዝናብ ሲጥል ያ ሁሉ ዴስክ ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል። ስለዚህ ደጅ መጥናቱን ቀጥለናል፤ ኃላፊውም መጥተው እንደሚያዩ ቃል ሰጥተዋል።

ሰሞኑን ጋሽ አያሌው መጡና «ጥሩወርቅ፣ አግዳሚያችን አርጅቷል፤ ውለታ አለብሽ፣ የአንድ ጎረቤት ሰልስት አለና ዴስኩን አውሱን» አሉኝ። ልጆቹን አስነሥቼ? አልሰጥም አልሁ። ቅር ብሏቸው ሊሄዱ ሲሉ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ ኃላፊው ጣራውን ሊያዩ የሚመጡ ዕለት ግን ጎረምሶቹን ይዘው በጧት ይምጡ። ዴስኩን አንድ ሳያስቀሩ ይውሰዱት፤ ለቅሶ ባይኖርም!»